የሸምሰዲን ዓይን እና የአብዱልሃዲ ጉልበት

በቤታችን ክፉዋ እኔ ነኝ፤ ሰቃም ጅማም ያለ ዘመድ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሂርማታ ገበያ ሻሽና ሻርፕ ስሸጥ ጸጉሬ ሸብቷል። ያታለለኝን ሰው ረስቼለት አላውቅም፤ ለጎረቤት ሁሉ ሳልናገርበትም አላድርም። ወንድሜ ሸምሰዲን ግን ደግ ነው። የጎረቤት ላም ጎመኑን ስትበላ ቢያያት እንኳ ባለቤቷ እንዳያፍር ብሎ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። ሰቃ አጠገብ እናታችን የተከለችውን ቡና ይዞ፣ ከሚስቱ ከለጢፋ ጋር ተከባብሮ፣ ሶላቱን ሳያጓድል የሚኖር ገበሬ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቂም መያዝ የተማረው ስልሳ ሊሞላው ሲል ነው። ያስተማረው ደግሞ የአክስታችን ልጅ አብዱልሃዲ ነው፤ አላህ የሥራውን ይስጠው።

ነገሩ ከዓይን ይጀምራል። በሽታው ግላኮማ ይባላል። አያምም፣ አያቀላም፣ አያስለቅስም፤ ዝም ብሎ ከጎን ከጎን እየበላ ይመጣል። ሸምሱ ፊት ለፊቱ ያለውን ጥርት አድርጎ ያያል። ቁርኣኑን ይቀራል፣ ቀይ የቡና ፍሬ ከአረንጓዴው ለይቶ ይለቅማል። ጎኑን ግን አያይም፤ ይባስ ብሎ አለማየቱን አያውቅም። የበሩ መቃን ሲመታው መቃኑን ይረግማል። በርጩማ ሲያደናቅፈው ለጢፋን "ማሎ፣ ይህን ነገር መንገድ ላይ አታስቀምጪብኝ" ይላታል። እኛም እርጅና ነው፣ ሐሳብ ነው እያልን እንስቅበት ነበር።

የሸምሱና የአብዱልሃዲ ቡና ጎን ለጎን ነው። መሃሉ ላይ አባቶቻችን ለወሰን ብለው የተከሏቸው ትልልቅ የበሳና ዛፎች ነበሩ። አንድ ዓመት ለቀማ ላግዝ ብዬ ከጅማ ሄድኩና ቅርጫቴን ይዤ በቀኝ በኩል ገባሁ። የእናቴን ቡና አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ውሃ እየተሸከምኩ ያጠጣሁት ነው። ቡናው በቦታው አለ፣ የሚለቅሙት ግን የአብዱልሃዲ ሠራተኞች ናቸው። በሳናዎቹ የሉም። ጉቷቸው በአፈርና በቅጠል ተሸፍኗል፣ አዲስ አጥር ደግሞ ወደ እኛ ገብቶ ቆሟል። ቅጠሉን በእግሬ ገፋ ገፋ አድርጌ አየሁ። አንዱ ጉቶ በስብሷል፣ ሌላው ገና ነጭ ነው። በአንድ ቀን የተቆረጡ አይደሉም ማለት ነው። የወንድሜ ዓይን ከጎን እየጠፋ ሲሄድ፣ ይሄ ሰውዬ በዚያው ጎን ዛፍ እየቆረጠ ገብቷል።

ሸምሱን ጎትቼ አመጣሁት። "ይህን አላየህም?" አልኩት። ራሱን ወደ ቀኝ አዞረና ብዙ ቆየ። "በሳናው የት ሄደ?" ብሎ መልሶ እኔን ጠየቀኝ። ያኔ ነው ዓይኑ ላይ የሆነ ነገር እንዳለ የገባኝ።

አብዱልሃዲን ቤቱ ድረስ ሄጄ ያዝኩት። ዓይኑን በጨው አጥቦ "ወሰኑ ድሮም እዚሁ ነው። ሸምሱ ራሱ በየዓመቱ አጠገቤ ቆሞ ሲለቅም አንድ ቀን ምን አለኝ?" አለኝ። ወላሂ እዚያው አፈር ላይ ላንከባልለው ነበር፤ ለጢፋ ናት ወገቤን ይዛ ያስቀረችኝ። ሸምሱ ግን "ተዪው፣ ዘመድ ነው፣ ሽማግሌ ያየዋል" አለ። እኔ በበኩሌ ወደ ጅማ ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ተናገርኩ፤ ነገሩ ሊሙ ገነት ድረስ ደረሰ።

በሳምንቱ ሸምሱን ጅማ አምጥቼ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ዶክተር ሩፈይዳ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። በመሣሪያዋ ስታየው፣ ጠብታ አድርጋ ስታየው፣ እንደገና ስታየው ቆየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

"አባባ፣ የቀኝ ዓይንዎ አልቋል፤ ከእንግዲህ የምናደርግለት ነገር የለም" አለችው። "የግራው ጥቂት ቀርቶታል። ከአምስት ዓመት በፊት መጥተው ቢሆን ኖሮ በጠብታ ብቻ ሁለቱንም እናቆይልዎ ነበር። ይሄ በሽታ ባለቤቱን አያስታውቀውም፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነቃው አጠገብ ያለ ሰው ነው።"

ይህን ስትል ለጢፋ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሠላሳ ዓመት አንድ ቤት ኖራ ሳታውቅ መቅረቷ ነው ያንገበገባት። ሸምሱ እሷን ሊያባብል ተነሳና ከዶክተሯ ጠረጴዛ ጋር ተላተመ።

ለግራው ዓይን ጠብታ ታዘዘ። አልያዘለትም። ዓይን ውስጥ የሚመረት ውሃ አለ፤ እሱ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምርና የዓይንን ጅማት ይገድላል ብላ አስረዳችን። ስለዚህ በኦፕራሲዮን ትንሽ መውጫ ቀዳዳ ተሠራለት። ሥራው ደህና ሆነ፣ አልሀምዱሊላህ። ለቀጠሮ እንዲቀርበው እዚያው ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር እኔ ቤት አስተኛሁት። ዶክተሯ አሥር ጊዜ ነው የደጋገመችልን፤ አይጎንበሱ፣ ከባድ ነገር አያንሱ፣ ዓይንዎን አይሹ፣ ሶላትዎን ተቀምጠው ይስገዱ። ሸምሱን የከበደው የመጨረሻው ነው። ግንባሩን መሬት ሳያስነካ የሰገደው ሶላት ሶላት አልመስለው አለ።

እዚህ ላይ ነው አብዱልሃዲ የመጣው። ምን አመጣው ካላችሁ፣ ልጁ ሳሊሀ ታጭታ ነበር። የሙሽራው አባት የሊሙ ገነት ሰው፣ በእናታችን በኩል ዘመዳችን ነው። እኔ በሚኒባስ የበተንኩት ወሬ ደርሶት "ከዘመዴ ጋር ደም የተቃባ ሰው ቤት አልገባም። ሸምሰዲን ካላነሳህ ኒካሁ የለም" አለው። ወሬዬ ሥራ በመሥራቱ አላፍርም።

ማንሳት ማለት ይሄ ነው። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፤ አንገቱ ላይ ድንጋይ ጭኖ በተበደለው ሰው ፊት ይንበረከካል። ሽማግሌ ይለምናል። የተበደለው ሰው ይቅር ካለ ጎንበስ ብሎ በብብቱ ይዞ በገዛ እጁ ያቆመዋል። እሱ ሲቆም ነገሩ ያልቃል። እስኪያነሳው ድረስ ግን መቶ ጊዜ ይቅር ብያለሁ ቢባል ወሬ ነው። ሌላ ሰው ቢያነሳውም አይቆጠርም።

ሸምሱ ዓይኑ ላይ የላስቲክ ሽፋኑ እንደተለጠፈ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ሼሁ ገቡ፣ ከኋላቸው አብዱልሃዲ ድንጋዩን ተሸክሞ ገባ። እንደ ሠንጋ የደለበ ሰው ነው። ግንባሩን ወደ ምንጣፌ ሊደፋ ሲል ሼሁ "ግንባር የሚደፋው ለአላህ ብቻ ነው፣ በጉልበትህ ይበቃል" ብለው ያዙት። ተንበረከከ። መሬቱን ልመልስ አላለም፣ በሳናውን ቆረጥኩ አላለም። "ሸይጧን አሳስቶኝ ነው ወንድሜ" ብቻ አለ። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ሆኜ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ፔርሙሱን አስቀምጬ ሳልደርስ ያ ደጉ ወንድሜ ጎንበስ ብሎ በብብቱ ያዘው። ያን የሚያህል ሬሳ ሊያነሳ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ሳበ። ከጉልበቱ ከፍ አደረገው። ከዚያ "ኡፍ" አለና ለቀቀው፣ እጁን ወደ ዓይኑ ወሰደ። አብዱልሃዲ ከነድንጋዩ ምንጣፌ ላይ ተዘረጋ።

ታዲያ ሽማግሌዎቹ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? የወንድሜን ዓይን ትተው "ተነሳ ወይስ አልተነሳም?" ብለው ተከራከሩ። አንዱ ከጉልበቱ ከፍ ካለ ተነስቷል አለ። ሌላው ካልቆመ አልተነሳም አለ። አብዱልሃዲ መሬት ላይ ተኝቶ "ተነስቻለሁ፣ ወላሂ ተነስቻለሁ" ይላል። ሁሉንም ከነጫማቸው ከቤት አስወጣኋቸው። ሼሁን እንኳ አልማርኩም።

ከሰዓት በኋላ ሸምሱ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያይ ይመስል ሁሉ ነገር ደፈረሰበት። የእኔን ፊት አልለየውም። ባጃጅ ጠርቼ እየተርበተበትኩ ወሰድኩት። ዶክተር ሩፈይዳ ግፊቱን ለካች፤ እንደገና ለካች። ስፌቱ ላልቶ ውሃው ያለ ልክ እየፈሰሰ ነው፣ ግፊቱ ከሚገባው በታች ወርዷል አለችን።

"መውረዱ ጥሩ አይደለም እንዴ?" አለ ሸምሱ። "ለዚሁ አይደል የተቀደድኩት?"

"ዓይን እንደ ኳስ ነው አባባ" አለችው። "ነፋሱ ከበዛ ይጎዳል። ከጎደለም ይጨማደዳል፣ ቅርጹን ያጣል። ከዓይንዎ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ውሃ ቋጥሮ ተነስቷል። አሁን ከባድ ነገር ቢያነሱ፣ ቢያስሉ፣ ቢያምጡ እዚያ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ደም ከፈሰሰ ይሄም ዓይን ሄደ ማለት ነው።" ከዚያ "ምን አንስተው ነው?" አለችው።

"ይቅርታ እያደረግሁ ነበር" አላት።

ዶክተሯ እኔን አየችኝ፤ ነገርኳት። ሳቋ እንዳያመልጣት ፊቷን አጠበቀች። "ይቅርታ በአፍም ይበቃል" ብላ መጻፏን ቀጠለች።

ግፊት የሚቀንሰው የድሮ ጠብታ በዚያ ዓይን ላይ ጭራሽ እንዳይደረግ ተከለከለ። ብሌኑን አስፍቶ የሚያሳርፍ ጠብታና እብጠት የሚቀንስ ጠብታ ታዘዘለት። ዓይኑ ተጨፍኖ በወፍራም ፋሻ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ራሱን በትራስ ከፍ አድርጎ ይተኛ፣ አይጎንበስ፣ ሆዱ እንዳይደርቅበት ፍራፍሬና ውሃ አይለየው ተባልን። በጥቂት ቀን ካልተሻለ ተመልሶ ይሰፋል። ሁለቱም ዓይኑ ጨልሞ እጁን ይዤ ወደ ባጃጁ ወሰድኩት።

ቤት ገብቶ ተደግፎ ከተኛ በኋላ ነው የተናገረው። "ረይሃና" አለኝ። "ያ ሰው እንኳን ዛሬ ቢንበረከክ፣ እድሜ ልኩን ተንበርክኮ እንዲኖር አደርገዋለሁ።" ድምፁ ረጋ ያለ ነው። ወንድሜ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ልዋሽ አልችልም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸምሱ በዶክተሯ ትእዛዝ እንደ ወታደር አደረ። ጫማውን እንኳ ራሱ አላጠለቀም። ሳል ሲመጣበት ውሃ ተጎንጭቶ ይውጠዋል። "ለዓይንህ ብለህ ነው?" ስለው "ለዓይኔም ነው፣ ለእሱም ነው። ወሰኔን በዓይኔ አይቼ ፊቱን በዓይኔ ማየት አለብኝ" አለኝ። ቂም እንዲህ ያለ መድኃኒት መሆኑን ማን ነገረኝ?

ፋሻው ብቻውን አልበቃም። ዶክተሯ መልሳ አስገብታ ተጨማሪ ስፌት አደረገችለት፤ ውሃው መፍሰሱን ቀነሰ፣ ግፊቱ ግን ገና ዝቅተኛ ነው፣ ማየቱም ጭጋግ ነው። በዚህ መሃል ሽማግሌዎቹ እንደገና መጡ፤ የሙሽራው ወገን ቸኩሏል። አብዱልሃዲ ድንጋዩን ይዞ ተንበረከከ። ሸምሱ በትራስ ተደግፎ እንደተቀመጠ፣ "አሕለን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ" አለ።

ዋናው ሽማግሌ ጠበቁ፣ ጠበቁና "እህ፣ ሸምሰዲን?" አሉ።

"ሐኪሟ እንዳልጎነብስ ከልክላኛለች" አለ።

ተያዩ። ነገሩ እውነት ነው፣ ምን ይበሉ? አንዱ ብልጥ "እንግዲያው አብዱልሃዲን አግዳሚ ላይ እናንበርክከው፣ ሸምሰዲን ሳይጎነብስ ይያዘው" አለ። እውነትም አግዳሚ ወንበሬን ከበረንዳ ሊያመጡ ተነሱ።

"ይቅርታ ከፍ ብሎ ይጠየቃል እንዴ?" አለ ሸምሱ። አንድ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። አብዱልሃዲ ላብ አጠመቀው፤ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ውሃ እንኳ አላቀረብኩለትም። የዐስር አዛን እስኪል ድረስ እንደዚያው ተወው። ከዚያ ሸምሱ ነገሩን አሳጠረው። "ወሰኑ ወደ ቦታው ይመለስ። በሳና ይተከል። ዓይኔ ድኖ በዓይኔ ሳይ፣ ሐኪሟም ጎንበስ በል ስትለኝ፣ ያኔ ሰቃ ላይ እንገናኛለን።" አብዱልሃዲ ያለማንም እርዳታ፣ መሬቱን በእጁ ተመርኩዞ ተነሳ። እንዲህ መነሳት ደግሞ አይቆጠርም።

አሁን የሆነውን ብታዩ። ያ የወንድሜ ዓይን ሲጠፋለት ዛፍ የሚቆርጥ ሰው፣ ዓይኑ እንዲድን ከእኛ ሁሉ በላይ የሚጨነቅ ሆነ። ማር ይልካል፣ ፓፓያ በጆንያ ይልካል፣ በቀጠሮ ቀን ባጃጅ ተከራይቶ በር ላይ ያቆማል። ደውሎ "ግፊቱ ከፍ አለ?" ይለኛል፤ "ስምህን ሲሰማ ወረደ" እለውና እዘጋበታለሁ። ሰቃ መስጊድ ከጁምዓ በኋላ ለሸምሱ ዓይን ዱዓ እንዲደረግ የጠየቀው እሱ ነው። አሚን ብሎ እጁን ፊቱ ላይ ሲያሻሽ ያዩት ነግረውኛል፤ ከልቡ ነበር።

ልጁን ሳሊሀንም ላከ። እሷን እንኳ ክፉ ልናገርባት አልችልም። ለጢፋ ለቡናው ወደ ሰቃ ስትመለስ፣ እኔም ሱቅ ስውል፣ ከሸምሱ ጋር የምትውለው ሳሊሀ ሆነች። መጀመሪያ ከበር መልሻት ነበር፤ ሸምሱ ነው "ልጅቱ ምን አደረገች?" ብሎ ያስገባት። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ የታችኛውን ቆብ በጣቷ ሳብ አድርጋ፣ ጠብታውን ዓይኑን ሳትነካ ታንጠባጥብለታለች። የቱ ከየቱ በኋላ እንደሆነ፣ በመሃል ምን ያህል እንደሚቆይ ከእኔ በተሻለ ያዘች። በየትኛው ጎን እንደማያይም ስለገባት፣ ሻይ ስትሰጠው ዞራ በግራው በኩል ትመጣለች። አንድ ቀን "አጎቴ፣ አባቴ ምን እንዳደረገ አውቃለሁ" አለችው። "አንቺ አታንሺው" አላት፤ ሌላ አልተነጋገሩም።

ቀስ እያለ ግፊቱ ወደ ልኩ መጣ። ከዓይኑ ጀርባ የተቋጠረው ውሃ ደረቀ፣ ጭጋጉ ተገፈፈ። አንድ ጠዋት ሸምሱ "ሻርፕሽ አዲስ ነው?" ሲለኝ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ዶክተር ሩፈይዳ ጎንበስ ማለት፣ በግንባሩ መስገድ ፈቀደችለት፤ ጠብታውን እንዳያቋርጥ፣ ቀጠሮ እንዳይቀር፣ ከቀላ ወይም ከደፈረሰበት በዚያው ቀን እንዲመጣ አጥብቃ ነገረችው። ሲራመድ ራሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ እያዞረ እንዲያይም አስተማረችው።

ሰቃ ሄድን። ሽማግሌዎቹ፣ ሼሁ፣ የሙሽራው አባት ከሊሙ ገነት፣ ሴቶቹ፣ ሁሉም ቡናው ውስጥ ተሰብስቧል። አጥሩ ወደ ጥንት ቦታው ተመልሷል። በየጉቶው አጠገብ የበሳና ችግኝ ተተክሎ በእሾህ ታጥሯል። ሸምሱ ወሰኑን ከዳር እስከ ዳር ብቻውን ሄደበት፤ በየእርምጃው ራሱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ያዞራል። ማንም አላቻኮለውም። የእናታችንን ቡና ቅርንጫፍ ይዞ ቆመ፣ ለቀቀው፣ መጣ።

አብዱልሃዲ ድንጋዩን ተሸክሞ አፈሩ ላይ ተንበርክኳል። ሽማግሌው "ሸምሰዲን፣ መሬትህን አየህ፣ አላህም ዓይንህን መለሰልህ። እንግዲህ ወንድምህን አንሳው" አሉ። ሸምሱ አልተከራከረም። ጎንበስ አለ። ሴቶቹ እልልታ ሊያነሱ አፋቸውን ከፈቱ። እጁን በአብዱልሃዲ ብብት ስር አስገባ። እኔ ቆሽቴ እያረረ ፊቴን ላዞር ስል፣ እንደጎነበሰ ቆመ።

"አንድ ነገር ንገረኝና አነሳሃለሁ" አለው። "በቀኜ በኩል እንደማላይ በምን አወቅህ? እኔ አላወቅሁም። ሚስቴ አላወቀችም።"

አብዱልሃዲ የሚነሳ መስሎት ነው። እውነቱን ከተናገርኩ ያልቅልኛል ብሎ ነው። "በእናትህ ለቅሶ ጊዜ" አለ፣ ሁሉም እየሰማው። "ሻይ በቀኝህ በኩል ዘረጋሁልህ። እጄ እስኪዝል ይዤ ቆምኩ። ሰዉ በሐዘን ምክንያት እምቢ ያልክ መሰለው። እኔ ግን ብርጭቆውን ወደ ፊት ሳመጣው ወዲያው ስትቀበለኝ ገባኝ። የመጀመሪያውን በሳና የቆረጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አሁን ምንም አልደበቅሁህም።"

እናታችን ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት መጥተው ቢሆን ብላ ነበር ዶክተሯ። ለጢፋ "ያ አላህ" ስትል ሰማኋት። የሙሽራው አባት መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው፤ ዓይንህን ታየው ማለት ብቻ። ዓይኑ ገና በጠብታ በሚተርፍበት ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ቃል በሆዱ ይዞ መጥረቢያ ሲስል፣ በየጁምዓው ከሸምሱ ጎን ቆሞ ሲሰግድ ነበር።

ሸምሱ ብዙ አልቆየም። እጁን ከብብቱ ስር አወጣና ቀጥ ብሎ ቆመ።

"መሬቱን መልሰሃል" አለው። "የቀኝ ዓይኔን ስትመልስ ያኔ አነሳሃለሁ።"

ራሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዙሮ መንገዱን አየና ወደ ቤቱ አቀና። ሽማግሌዎቹ አልጠሩትም። ሼሁ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተስቢሃቸውን ያገላብጣሉ። ሳሊሀ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ ወደ አባቷ መጣች። ልታነሳው ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱም ቀና ብሎ እጁን ዘረጋላት። በአጠገቡ አለፈችና ሮጣ ሸምሱ ላይ ደረሰች። በቀኙ በኩል ዞራ ክንዱን ያዘችው፣ አብራው ሄደች።